መሪ የጨበጠ ሰው

ጎተንበርግ፣ ዓርብ ማታ፣ ዝናቡ በአግድም ሲመጣ፣
ከአውቶቡሴ ወርጄ ትምህርት ቤት ደረጃ ስወጣ፣
የሥራ ጃኬቴን እንኳ ከላዬ ላይ ሳላወልቀው፣
“መሪነት ምንድን ነው?” ብላ ጥያቄዋን ስትለቀው
ዶክተር ጉንቦር መምህሬ፣
መዳፌን አየሁ አፍሬ።
ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ መሪ ስይዝ ውዬ፣
ይሄን ብመልስላት ይስቃሉ ብዬ
ዝም አልኩ።
በስዊድንኛ ለካ መሪና መሪ አይተዋወቁም፤
አንዱ ጎማ ያዞራል፣ አንዱ ሰው፣
በአንድ ስም ግን አይጠሩም።

ሰባት ነን በክፍሉ። አናጢ አለ፣ የእስር ቤት ቄስ፣
ሌሊት አድራ የምትመጣ ከፊንላንድ አንዲት ነርስ።
ለማስተርስ ተመዝግበን እናዛጋለን በተራ፤
የአንዱ ማዛጋት ዞሮ ሁሉን ሳይጠራ
አይቀርም።
“ይኼም አንድነት ነው” አለ ቄሱ፣ ዓይኑን እያሸ።

እሑድ ከሰዓት ደግሞ፣ ከሉተራኑ ምድር ቤት፣
በሰዓት ተከራይተን በምንሰበሰብበት፣
ጠቡ በቁልፍ ነበር፤ በአንዲት የነሐስ ቁልፍ
ሦስት ወር ሙሉ ኩርፊያ፣ እየተያዩ ማለፍ።
ጋሽ ደምሰው አሥራ ዘጠኝ ዓመት በኪሱ ይዟት የኖረ፤
ወጣቶቹ “በተራ ትዙር” አሉ፣ ነገር ከዚያ መረረ።
አንዱ “አገልግሎት ነው” ሲል፣ አንዱ “ሥልጣን ነው” እያለ፣
ወንበሩ እንደተቆለለ፣ ሳይደረደር ዋለ።
እኔ ሽማግሌ የተባልኩ፣ ግጭት አፈታት የማጠና፣
ሁለቱንም ሰማሁና
ሁለቱንም አስቀየምኩ።
ቤቴ ገብቼ ስለ ትዕግሥት አሥራ አራት ገጽ ጻፍኩ።

ወረቀቱ ተመለሰ፣ ኅዳጉ ላይ በቀይ ቀለም፦
“ማን አለ ይህን? ከየት ነው? ምንጭ የለም።”
አስካለ ሳቀችብኝ፦ “በዚህ ሁሉ ዝናብ መሀል
ምንጭ አጣሁ ይባላል?”
ቀጥላ፣ ሳትስቅ፦ “ኤልዳናን ነቅታ ያየሃት መቼ ነው?
እስቲ እሷን ጥቀስ።”

ማክሰኞ። የመጨረሻው ዙር። ድልድዩን ሳልሻገር
ፌርማታው ላይ ቆሞ አየሁት፣ ያለ ጃንጥላ በዚያ አየር።
ጋሽ ደምሰው።
ካርዱን አስነካ፣ ጢጥ አለ፣ ከኋላዬ ተቀመጠ፤
እኔም አልዞርኩም፣ እሱም ሰላምታ አልሰጠ።
ከራሴ በላይ ጽሑፍ አለ፦
“ሲነዳ ሹፌሩን ማነጋገር ክልክል ነው።”
እግዜር ይስጠው ሕጉን ላወጣው፣ ሁለታችንን ያዳነው።
ድልድዩ ላይ ወጣን። ከታች የመርከቦቹ መብራት፤
በመስታወቴ ውስጥ ፊቱ አንዴ ጨለማ፣ አንዴ እሳት።
ተሳፋሪው አንድ ባንድ ወረደ፣
ዝምታው እየወፈረ ሄደ።
ፍሬን ስይዝ ጉልበቱን ሲጨብጥ አየሁት፤
ከዚያ ወዲያ በየፌርማታው ቀስ እያልኩ ያዝኩት።
በሦስት ወር ውስጥ ለእሱ
ያደረግኩት በጎ ነገር፣ ብቆጥረው፣ ያው ነው እሱ።

መጨረሻው ፌርማታ ላይ በሩ ሲከፈት ተነሣ፤
“ወንበር የሚደረድር ሰው ቀድሞ ይመጣል፣ ይሄን አትርሳ”
አለና ቁልፏን ከመሪው ሥር አኖራት።
ይቅርታ አላለም። እኔም አላልኩም።
“ጋሼ፣ ቤትህ እዚህ አይደለም እኮ።”
“አውቃለሁ” አለ፣ ወረደ።

ሰዓቱ አልቋል፣ ሞተሩ ይንጎራጎራል፣
ግንባሩ ላይ ሰሌዳው “ከአገልግሎት ውጪ” ይላል።
ሕጉ ባዶ ግባ ነው የሚለው፣ ሰው መጫን ያስቀጣል።
ጥቂት ነዳሁ። በዝናቡ ውስጥ ጀርባው ብቻ ይታየኛል፣
ኮሌታውን አቁሞ፣ ወደ ድልድዩ፣ በእግሩ።
አጠገቡ ስደርስ ቆምኩ፤ ተነፈሰና በሩ
ተከፈተ። “ግባ ጋሼ።”
ሰሌዳውን ቀና ብሎ አነበበው፣ ሳቀ፣ ገባ።
እስከ ጋራዡ ድረስ ስለ ጉልበቱ ሕመም አወራኝ።

ወረቀቱን እስካሁን አላስረከብኩም። ግርጌው ላይ፣
ቁጥር አንድ ብዬ፣ ስሙን ጻፍኩ፣ ቀኑን ጻፍኩ፤
ከዚያ “ገጽ” የሚለው ላይ ስደርስ
እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ።